የተበደርናት አንዲት ባቄላ

አባባን ሳል ሲጀምራቸው እማማ ቀድመው የሚያዩት እሳቸውን ሳይሆን በሩን ነበር። ይህን ያስተዋልኩት ባለፈው ክረምት ነው። ብርዱ እንዳይገባ የሰጉ መስሎኝ ተነስቼ ዘጋሁላቸው።

«ተወው ልጄ፣ ክፍት ይሁን» አሉኝ። «ሰው ይገባ ይሆናል።»

ሰው ግን አይገባም ነበር። ለምን እንደማይገባ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ ምክንያቱም ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው።

የታሪክ መምህር ነኝ። የተወለድኩት ዳባት ነው፤ የምሠራው ደባርቅ። የምኖረው በሊማሊሞ መውጫ በኩል በተቆረቆረው አዲስ ሰፈር፣ አባባና እማማ የምላቸው ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። ልጆቻቸው ርቀው ሄደዋል። አባባ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ ሰው ነበሩ፤ ከሰፈሩ ቤቶች የብዙዎቹን መሠረት ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ሰፈሩ አዲስ በመሆኑ የራሱ ዕድር አልነበረውም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚመጣው ከመሀል ከተማ ነበር፤ «ድንኳኑ እስኪደርስ ሐዘኑ ይወጣል» እየተባለ ይቀለድ ነበር። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አርባ ያህል ሰዎች በአባባ ግቢ ተሰብስበን ዕድር መሠረትን። ዳኛ ማን ይሁን ሲባል የተወዳደረ አልነበረም።

«እኚህ ሰውዬ እያሉ ደግሞ ማን ይጠየቃል?» አለ አንዱ፣ አባባን እያሳየ። ሁሉም አጨበጨበ፤ አለቀ።

እኔ ወጣት በመሆኔና ጽሑፌም ስለሚነበብ ጸሐፊ ተባልኩ። የመተዳደሪያ ደንቡን በሁለት ቀን ጽፌ አቀረብኩ። አንቀጽ አምስት «በዕድሩ ውስጥ ቡድን መፍጠር ፈጽሞ ክልክል ነው» ይል ነበር። ከደንቡ ሁሉ በጣም የኮራሁት በዚህ አንቀጽ ነው።

በዚያው ዓመት ክፍል ውስጥ የማስተምረው ከንጉሥ እጅ ወጥታ ሪፐብሊክ ስለሆነች አንዲት አገር ነበር። መሥራቾቿ ፓርቲ የሚባለውን ነገር እንደ ተላላፊ በሽታ ይፈሩት ነበር። በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ስሙን እንኳ አላነሱትም። የመጀመሪያ መሪያቸውን ያለ ተፎካካሪ መረጡ። መሪው ሥልጣን ሲለቅ በቡድን እንዳይከፋፈሉ አጥብቆ መከራቸው፤ ግን ምክሩ ሲነበብ ሰዎቹ ጎራ ለይተው ጨርሰዋል። ለተማሪዎቼ፣ ፓርቲ የሚወለደው ክፉ ሰዎች ስለመጡ አይደለም፤ ደግ ሰዎች በአንድ እውነተኛ ጥያቄ ሲለያዩና ያ ጥያቄ በድምፅ ሲቆጠር ነው እላቸው ነበር። ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ አሰምሬበታለሁ። እንዲህ አጥርቼ አስተምሬ ወጥቼ ሰፈሬ ስገባ ግን ምንም አልታየኝም።

የእኛ ጥያቄ ተከራይ ነበር። በሰፈሩ ቤት የሌለው፣ ከዛሪማ ወይም ከሌላ ቦታ መጥቶ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ሙሉ የዕድር አባል ይሁን ወይስ አይሁን? አባባ ዳኛ ሳሉ ጥያቄው በተነሳ ቁጥር «ሲሞትብን እንቀብረዋለን፤ እስኪሞት ምን አስቸኮላችሁ?» ብለው ያልፉት ነበር። ሰዉ ይስቃል፤ ስብሰባው ይበተናል። እኔ ራሴ ተከራይ ሆኜ ጸሐፊ የሆንኩት በዚህ ዓይነት ነገር ነው።

በግንቦት አባባ ደከመኝ ብለው ወረዱ። ሁለት ሰዎች ተጠቆሙ። አንደኛው አስፋልቱ ዳር ወፍጮ ያለው ሰው ነው፤ የመጣ ሁሉ ይግባ የሚል። ሁለተኛው ከገጠር ገብቶ ቤት የሠራ፣ በሬዎቹን ግን ገና ያልሸጠ ገበሬ ነው። የእሱም ነገር እውነት ነበረው። «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም» ይል ነበር። «እኔ የእናቱን ሬሳ ተሸክሜ፣ የእኔን ቀን እሱ ጎንደር ሆኖ ሊሰማ ነው?»

የቀድሞው ሥርዓት ቢሆን እስኪስማሙ ማውራት ነበር። ሦስት እሑድም ይፍጅ፣ አራት፣ በመጨረሻ አንዱ «ይሁን» ይላል፤ ተሸናፊ የሚባል ሰው ሳይኖር ያልቃል። እኔ ግን ተነስቼ ስለ ምስጢራዊ ድምፅ አሰጣጥ አስረዳሁ። ረጅም ሰዓት አስረዳሁ። ከአባላቱ ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ በወረቀት ፈንታ በእህል እንዲሆን ሐሳብ አቀረብኩ፤ ለባለወፍጮው ባቄላ፣ ለገበሬው አተር። ፍሬዋ በጭብጥ ተይዛ፣ በነጠላ ከተጋረደች እንስራ ውስጥ ትጣላለች። ባቄላ ስትወድቅ ከአተር የበለጠ ድምፅ እንዳታሰማ እንስራው ውስጥ ጨርቅ አነጠፍኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩ ሰው፣ «ከየቤታችሁ አንዳንድ ፍሬ ይዛችሁ ኑ» ስል ምን እያልኩ እንደሆነ አላሰብኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ራሴ እማማ ዘንድ ገባሁ። ተከራይ ነኝ፤ በክፍሌ ያለው ፓስታ ነው።

«እማማ፣ አንድ ባቄላ ያበድሩኝ?»

«አንድ ስፍር?»

«አንድ ፍሬ።»

ሳቁ። «አሃ! ባቄላ ነህና?»

እኔም ስቄ ወጣሁ። ያኔ እንኳ አልገባኝም። በዚያው ሰዓት በሰፈሩ ሁሉ ሰው እየተበዳደረ ነበር። ከቆላ የመጡት ማሽላ እንጂ ባቄላ የላቸውም፤ ጎረቤት አንኳኩ። ባቄላ እንጂ አተር ያልነበራትም ሴት ወደ ጎረቤቷ ሄዳ «አንዲት አተር ስጭኝ» አለች። በማግስቱ ነጠላውን ጋርደን፣ ዞር ብለን፣ ምስጢር ስንጠብቅ፣ ማን ምን እንደጨበጠ ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር።

ባቄላ በሦስት ፍሬ አሸነፈ። ስቆጥር ግን ከእህሉ መካከል አንዲት ስንዴ አገኘሁ። ሥርዓት ወዳጅ ነኝና «ዋጋ የሌለው ድምፅ፣ አንድ» ብዬ በመዝገቡ ጻፍኩ፤ ጮክ ብዬም አነበብኩት። ስንዴዋንም በወረቀት ጠቅልዬ በመዝገቡ ሽፋን ውስጥ አስቀመጥኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሄደ። በሳምንቱ ባቄሎችና አተሮች የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ባለወፍጮው በር ላይ ወረፋ የያዘ የአተር ሰው «ዱቄቴ ሸካራ የወጣው በምርጫዬ ነው?» ይላል። አተሮች ባቄሎችን ባዩ ቁጥር «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ይላሉ። ባቄሎችም «አተርማ ሲመታ ክክ ነው» ብለው ይመልሳሉ። መጀመሪያ የምር ሳቅ ነበር። ቀስ በቀስ ሳቁ ቀረና ስሙ ብቻ ተረፈ።

ዘመኑም ጥሩ አልነበረም። መንገድ በሚዘጋበት፣ ከጎንደር አውቶቡስ ይምጣ አይምጣ በማይታወቅበት ጊዜ፣ «የማን ወገን ነህ?» የሚል ጥያቄ በቀልድ እንኳ ሲነሳ ሰው ዞር ዞር ብሎ ነው የሚመልሰው። አንድ ቀን ስለዚያች አዲስ ሪፐብሊክ አስተምሬ «ጥያቄ ያለው?» ስል ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ባቄላ ነዎት አተር?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ። ጠመኔው በእጄ ተሰብሮ ነበር።

በሰኔ ከአተር ወገን የአንዷ እናት አረፈች። የመጀመሪያው ፈተናችን ነበር። በደንቡ መሠረት አባል ሁሉ ይመጣል፤ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ባቄሎች መጡ። አንድም አልቀረም። ስማቸውን ጠራሁ፣ «አቤት» አሉ፤ የመጨረሻው ስም እንደተጠራም ተነስተው ወጡ። ግማሹ ድንኳን ባዶ ወንበር ሆነ። በመዝገቤ ላይ ግን «ሁሉም ተገኝተዋል» ተብሎ ተጻፈ። ውሸት አልነበረም።

እማማ ከለቅሶው ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አራገፉ።

«ስም አስጠርቶ መሄድ ለቅሶ ነው ልጄ?»

«በደንቡ…»

«ደንቡን ተወው። ያች ልጅ አፈሩ ሳይደርቅ ባዶ ወንበር አየች።» አባባ ወደተኙበት እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለእኚህስ ማን ይቀመጥላቸዋል?»

ሥጋታቸው ምክንያት ነበረው። በዚያ የመበዳደር ቀን ከማንም አንዲት ፍሬ ያልተበደረ ቤት የእነሱ ቤት ብቻ ነበር፤ ጎተራቸው ሁሉም ነበረው። ስለዚህ አባባ ለማን እንደጣሉ የሚያውቅ አልነበረም። ባለማወቁም ሁሉም እርግጠኛ ሆነ። አተሮች፣ «ተከራይ ቤቱ አስቀምጦ ለእኛ ሊሰጥ ነው? ባቄላ ናቸው» አሉ። ባቄሎች ደግሞ፣ «ባለቤት ናቸው፣ መሠረት ሲያወጡ የኖሩ፤ አተር ለመሆናቸው ምን ጥርጥር አለው?» አሉ። ሁለቱም ተቀየሟቸው። ጠላ ይዞ የሚገባው፣ ከቅዳሴ መልስ ጎራ የሚለው ሁሉ ቀረ። በሩ ክፍት ነበር፤ የሚገባው ንፋስ ብቻ ነው።

በነሐሴ አንድ ከሰዓት፣ አባባ እንቅልፍ እንደወሰዳቸው፣ እማማ ጠጋ አሉኝ።

«ያቺ ስንዴ የሳቸው ናት።»

ገምቼው ነበር።

«ለምን ስንዴ?»

«‹ባቄላም ብጥል፣ አተርም ብጥል ግማሹ ሰው ይቀርብኛል› አሉ። ስንዴ ይዘው ሄዱ።»

«ታዲያ ልንገራቸው! ለማንም እንዳልሰጡ ቢያውቁ እኮ…»

«ለማን ልትነግር?» አሉ ከእንቅልፍ የነቁት አባባ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «አሁን እያንዳንዱ ወገን የተቀየመኝ እሱ ብቻ ይመስለዋል። ብትነግራቸው፣ ‹ሁለታችንንም ናቁን› ብለው በአንድ ላይ ይቀየማሉ።» ሳሉ። ሳላቸው እስኪያልፍ ጠበቅን። «ቢያንስ በዚህ ይስማሙ ነበር» አሉና ፈገግ አሉ።

እኔ ግን ፈገግ ማለት አልቻልኩም። ቆጣሪ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ምስጢር መጠበቅ አለበት ብዬ ያስተማርኩትም እኔ። ክረምቱን በሙሉ ሳላቸው በግድግዳው በኩል ሲሰማኝ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ አባባ ሲሞቱ አባላቱ መጥተው ስማቸውን ያስጠራሉ፤ ከዚያ ይነሳሉ፤ እማማ ከቤት ደጃፍ ሆነው ባዶ ወንበር ያያሉ፤ መዝገቤ ግን «ሁሉም ተገኝተዋል» ይላል።

በጥቅምት፣ አንድ ማለዳ፣ ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ጫማዬን ሳስር እማማ ጠሩኝ። አላለቀሱም። «በሩን ወለል አርገህ ክፈተው» ብቻ አሉ። ገባኝ።

ጥሩምባው ተነፋ። የድንኳኑ ቁልፍ ከዳኛው ከባለወፍጮው ዘንድ ስለነበር እየሮጥኩ ሄድኩ። ወፍጮው እየጮኸ ነበር። ስለ ደንቡ፣ ስለ አንቀጽ አምስት፣ አባባ የመጀመሪያው ዳኛችን ስለመሆናቸው፣ ቅያሜ በሞት ፊት ስለማይገባ በጩኸቱ ላይ እየጮኽኩ ማስረዳት ጀመርኩ። ሞተሩን አጠፋው።

«መምህር፣ ሞቱ ብለሃል እኮ» አለ። «ቁልፉን ውሰድ።»

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቃሬዛውን በቀኝ ባቄሎች፣ በግራ አተሮች ተሸከሙ። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አላዘዘም። ሽቅብ በመሆኑ ትከሻ መቀያየር ነበረበት፤ ግን አንዱ ወገን ሌላውን «አግዘኝ» እንዳይል፣ ከዚያው ከራሱ ሰው ብቻ ይቀያየራል። ከኋላ እየተከተልኩ ቃሬዛው ዘንበል ባለ ቁጥር እጄን እዘረጋ ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ሞላ። ባቄሎች በመንገዱ በኩል፣ አተሮች በአጥሩ በኩል ተቀመጡ። ውስጥ ሴቶቹ ንፍሮ ሲያዘጋጁ አንዷ «አተርም ጨምሩበት፣ ኋላ ሌላ ጣጣ እንዳይመጣ» ስትል ሰማሁ። እማማ በቤቱ ደጃፍ ከሴቶች መካከል ተቀምጠው ወደ ድንኳኑ ያያሉ። መዝገቡን ይዤ ቆምኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አንዳንዶቹ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ለመነሳት ተዘጋጅተዋል።

መዝገቡን ገለጥኩት። ሽፋኑ ውስጥ ያች ወረቀት አለች። የመጀመሪያውን ስም አየሁት፤ ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መዝገቡን ዘጋሁና ብብቴ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ።

አስቤ ያደረግኩት አይደለም። ከተቀመጥኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ስም ካልተጠራ ማንም መሄድ አይችልም።

«መምህር፣ ስም አትጠራም?» አለ አንዱ ከመንገዱ በኩል።

«ቆይ፣ ገና የሚመጡ አሉ።»

የሚመጣ አልነበረም። ሁሉም መጥተው ነበር። መዝገቡን አጥብቄ ያዝኩት። ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሌላው ጠየቀ፤ ለእሱም ያንኑ መለስኩ። የክፍል ተማሪዎች ደወል ሲጠብቁ እንደሚሆኑት፣ ሰዉ መቁነጥነጥ ጀመረ። ንፍሮ ዞረ። ከዚያ ደግሞ የሚሠሩት ሲጠፋ ማውራት ጀመሩ።

«የእኔን ቤት መሠረት ሲያወጡ» አለ ገበሬው ለጎኑ ሰው፣ «አንዱን ድንጋይ ሦስት ቀን ነው ያገላበጡት። ‹ይህ ፊቱን ገና አላሳየኝም› እያሉ።»

«የወፍጮዬንም እሳቸው ናቸው ያወጡት» አለ ባለወፍጮው ከማዶ። «ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ግድግዳው ንቅንቅ አይልም።»

ገበሬው ቀና አለ። «እንዴታ፣ የኛ ሰው እኮ ናቸው።»

«የናንተ? አያ፣ ቀልድ ተው። የኛ ነበሩ። ድምፃቸውን ለኔ ነው የሰጡ።»

«ላንተ? ባቄላ ሊጥሉ? አተር ናቸው፣ ዐውቃለሁ!»

«ምን አሳየህ?»

«አንተንስ ምን አሳየህ?»

በሕይወት ሳሉ እያንዳንዱ ለሌላው የሰጣቸው ሰው፣ ሲሞቱ ሁለቱም የሚሻሟቸው ሆኑ። ክርክሩ ከፍ እያለ ሄደ፤ ግን አንዱ የሌላውን ለመስማት ወንበሩን ማስጠጋት ነበረበት፣ አስጠጋም። ከዚያ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ግድግዳው፣ አባባ አንድ ክረምት ከተራራው ከጨነቅ ስላወረዷት በቅሎ ተጫወቱ። ገበሬው በድንገት ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ አንተ ነህ የቆጠርከው። ለማን ነበር?»

ወረቀቷ ብብቴ ሥር ነበረች። ማስረዳት እወዳለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ማስረዳት የቀለለኝ ጊዜ አልነበረም።

«ምስጢር ነው» አልኩ።

«ምስጢር ይላል!» አለ ባለወፍጮው። «ባቄላውን ከእማማ ተበድሮ ምስጢር ይላል!» ሳቁ፤ በሁለቱም በኩል።

እስከ ሠርክ ማንም አልሄደም። በማግስቱም፣ በሣልስቱም ስም አልጠራሁም። እየመጡ ይቀመጣሉ፤ እጠራለሁ እያልኩ አልጠራም።

ከሣልስት በኋላ ድንኳኑ ሲፈርስ እማማ አጠገቤ ቆሙ።

«ሞልቶ ነበር አይደል?»

«ሞልቶ ነበር እማማ።»

«ስም ጠራህ?»

«አልጠራሁም።»

«እና ሳይጠሩ ነው የተቀመጡ?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። ስላልጠራሁ ነው የተቀመጡት፤ ግን ስላልጠራሁ መቀመጣቸው ወደው ነው ወይስ ቅጣቱን ፈርተው? ለተማሪዎቼ የማስረዳበት ቃል የለኝም። በመዝገቡ የዚያ ሦስት ቀን ገጽ ባዶ ነው፤ ነገ የሚያገላብጠው ሰው ቢኖር የመጀመሪያውን ዳኛችንን የቀበረ አንድም አባል እንዳልነበረ ያነባል።

የዳኛው ዓመት ሊሞላ ስለሆነ አዲስ ምርጫ እየመጣ ነው። እስክንስማማ እናውራ ብዬ ነበር። ሁለቱም ወገን «አይ፣ ይቆጠር» አሉ። እህሉን ዘንድሮ እኔ ገዝቼ ለሁሉም ከሁለቱም አንዳንድ ፍሬ አድላለሁ። እማማ በባለቤታቸው ቦታ አባል ሆነው ተመዝግበዋል፤ የእሳቸውንም ስም እኔው ጻፍኩት። ጽፌ ስጨርስ መዝገቡን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት።

«የኔም ቀን ሲመጣ» አሉ፣ «እንዲሁ አርግ። አትጥራቸው።»

በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ወደ ተወለድኩበት ወደ ዳባት እንድዛወር የሞላሁት፣ ገና ያላስገባሁት ማመልከቻ አለ። እሺ ልላቸው አፌን ከፈትኩና ማመልከቻው ትዝ አለኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ እማማ መልሴን እየጠበቁ ወደዚያ ያያሉ።